በጾም ይምጡ

ቦርጬን ለብዙ ዓመታት እንደ ሹመት ምልክት ነበር የማየው። ቢሯችን ውስጥ ከእኔ በላይ የተቀመጡት አለቆች በሙሉ ቦርጫሞች ስለነበሩ፣ የእኔም ብቅ ሲል ሹመቱ ከኋላው እየተከተለ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ራስ ሳይጠና ጉተና ማለት ይኼ ነው። ሹመቱ አልመጣም። የመጣው የውሃ ጥም ነው።

ካዛንቺስ ካለው ቢሮዬ ተነስቼ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ቤቴ እስክደርስ አንድ ትልቅ ጠርሙስ ውሃ እጨርሳለሁ። የጠጣሁት ደግሞ ታክሲ ውስጥ እያለሁ መውጫ ይለምነኛል። ደረጃውን እየሮጥኩ የምወጣው ሚስቴ ናፍቃኝ ሳይሆን ሽንት ቤቱ ናፍቆኝ ነበር፤ እሷም በሩን ከፍታ ዞር ማለት ለመደች።

«አንተ ሰውዬ፣ ተመርመር» አለችኝ አንድ ቀን።

«ሙቀቱ ነው» አልኳት።

ክረምት ነበር። ውጭ ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ይወርዳል። መስኮቱን አየች፣ እኔን አየች። ሁለታችንም ስለ አባቴ እያሰብን እንደሆነ እናውቅ ነበር።

አባቴ የሞተው በስኳር በሽታ ነው። ከመሞቱ በፊት ግን ለዓመታት ደብቆት ኖሯል። እግሩ ላይ ያለው ቁስል ለምን እንደማይድን እናቴ ስትጠይቀው «ጫማው ልጦኝ ነው» ይላታል። አብዝታ ስትወተውተው «ተይው፣ ሆድ ይፍጀው» ብሎ ይዘጋዋል። እናቴ እውነቱን የሰማችው ሆስፒታል ገብቶ፣ ሐኪሞቹ «መድኃኒቱን መቼ ነው ያቋረጠው?» ብለው ሲጠይቋት ነው። የምን መድኃኒት? እስከ ዛሬ የሚቆጫት መሞቱ አይደለም። «መሞቱስ የእግዜር ነው» ትላለች፤ «እኔን ግን ምን በድዬው ነው የደበቀኝ?» ይህችን ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ስላደግኩ፣ ከበሽታው ይልቅ ጥያቄዋን ነበር የምፈራው።

በመጨረሻ ከቢሮዬ ብዙ የማይርቅ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሟ የታናሽ እህቴ እኩያ የምትሆን ፈገግታ የማይለያት ሴት ናት። «ረቡዕ ጠዋት ለደም ምርመራ በጾም ይምጡ» አለችኝ።

እኔም ልቤ ተነካ። ዘመኑ ተበላሸ፣ ሰው ሃይማኖቱን ረሳ በሚባልበት ጊዜ፣ አንዲት ሐኪም ረቡዕ የጾም ቀን መሆኑን አስታውሳ ለነፍሴም ስታስብ ማየት አንጀቴን አራሰው። ረቡዕ በማለዳ፣ ግማሿ ፈርሳ ግማሿ በምትሠራው ካዛንቺስ ከተረፉት ጥቂት ቁርስ ቤቶች ወደ አንዷ ገባሁና «የጾም ምን አለ?» ብዬ ጠየቅኩ። ሽሮ ፍርፍር ነበር። አንድ ሳህን ሙሉ በላሁ። ቅቤ የለው፣ ወተት የለው፣ እንቁላል የለው። በላዩ ላይ ሻይ በሦስት ማንኪያ ስኳር አወራረድኩበትና ንጹሕ ኅሊና ይዤ ወደ ክሊኒኩ ተሻገርኩ።

«ጋሼ፣ ጾመዋል አይደል?» አለችኝ ደም የምትቀዳው ልጅ።

«እንዴታ! ረቡዕ አይደል እንዴ?» አልኳት። ጋሼ ማለቷ ትንሽ ከነከነኝ እንጂ ጥያቄዋስ ደስ ብሎኛል።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ ወረቀቱን አየች፣ ከዚያ ቦርጬን አየች። ፈገግታዋ የለም። «ስኳርዎ ከፍ ብሏል። በጣም ነው ከፍ ያለው» አለች። ሐሞቴ ፈሰሰ።

«እኔ እኮ ጣፋጭ ነገር አልወድም» አልኳት። ሻይ ውስጥ ያለውን አልቆጠርኩትም፤ እሱ የሻይ ነው።

«እንጀራስ?»

«እንጀራማ ኮምጣጣ ነው! ኮምጣጣ ነገር እንዴት ብሎ ስኳር ይሆናል?»

ይህን ያልኩት ዲግሪ ያለኝ ሰው ነኝ። እሷ ግን አልሳቀችብኝም፤ ወረቀት ገልብጣ ከአፍ ጀምሮ እስከ አንጀት ሣለችልኝ። እንጀራው ገና ሲታኘክ ምራቅ ሊፈታታው ይጀምራል። ጨጓራ አሽቶ ያላቁጠዋል። ቀጭኑ አንጀት የተረፈውን በታትኖ ይጨርሰዋል፤ በመጨረሻ በአንጀት ግድግዳ አልፎ ደም ውስጥ የሚገባው፣ ሲበላ ይጣፍጥም ይኮምጥም፣ ስኳር ነው። የሥጋው ሌላ፣ የቅቤው ሌላ መንገድ አለው፤ ቅቤውን የሚያሟሟው ሐሞት ነው አለችኝ። የእኔ ሐሞት አሁን ከመፍሰሱ በቀር ሥራ እንዳለው አላውቅም ነበር።

«ደም ውስጥ የገባው ስኳር ወደ ሰውነት እንዲገባ በሩን የሚከፍትለት ኢንሱሊን ነው» አለች። «ጉበት ለክፉ ቀን የሚሆን ያስቀምጣል። ከዚያ የተረፈው ስብ ይሆናል።» እስክሪብቶዋ ወደ ሆዴ አቅጣጫ ትንሽ ዘንበል አለ። «ኢንሱሊኑን የሚሠራው ደግሞ ቆሽት ነው።»

«ቆሽት?»

ዕድሜ ልኬን ቆሽቴ አረረ ስል ኖሬያለሁ። መልስ የሚያስቀር የታክሲ ረዳት ቆሽቴን ያሳርረዋል። አለቃዬ ያሳርረዋል። መብራት ሲጠፋ ያርራል፣ ሲመጣም የቴሌቪዥኑ ዜና ያሳርረዋል። ቆሽት የት እንዳለ ግን ጠይቄ አላውቅም፤ ለንዴት ብቻ የተፈጠረ ዕቃ ይመስለኝ ነበር። ይኼን ሁሉ ዓመት ሳሳርረው ኖሬ ዛሬ ሥራ እምቢ ቢል ምን ይፈረድበታል? በቃ ከሰል ሆኗል አልኩ። ሐኪሟን በንዴት ያርር እንደሆነ ስጠይቃት ያን ጊዜ ሳቀች። «ምግብዎን ይቀንሱ፣ በእግርዎ ይሂዱ፤ ከወር በኋላ ደግመን አይተን እናረጋግጣለን፣ መድኃኒቱንም ያኔ እንወስናለን» ብላ ሸኘችኝ።

ያን ወር ከእኔ ጋር የኖረ ሰው ይካስ። ምሳ ሰዓት ላይ ለባልደረቦቼ የምግብ መፈጨትን አስተምራለሁ። ደረቅ ዳቦ አፌ ውስጥ ይዤ ሳልውጥ ረጅም ጊዜ ካኘክኩ በኋላ ምራቄ እንዴት እንደሚያጣፍጠው ላሳያቸው ሞከርኩ፤ ሊያዩት የሚችሉት ግን ጣዕሙን ሳይሆን አፌን ብቻ ነበር። ክትፎ ያዘዘ ባልደረባዬ ሳህን ላይ ጎንበስ ብዬ ሐሞቱ አሁን ምን እየሠራ እንደሆነ አብራራሁለት። «ማለቴ... እኛ እኮ ርቦን ነው የመጣነው» አለኝ። «ትምህርቱን ለማታ ክፍለ ጊዜ አድርገው በቃ።» ከዚያ በኋላ ምሳ ሲወጡ እኔን መጥራት ይረሱ ጀመር።

ቱታም ገዛሁ። ጎህ ሲቀድ መስቀል አደባባይ ሄጄ ከሯጮቹ ጋር እሰለፋለሁ። እነሱ ሲሮጡ እኔ እራመዳለሁ፤ እነሱ ደረጃውን ወጥተው ሲወርዱ እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ቆሽቴን አዳምጣለሁ። አንድ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ሁለቴ ቀድመውኝ ሲያልፉ «አይዞህ ልጄ፣ ስትለምደው ይቀልሃል» አሉኝ። ከጋሼ ወደ ልጄ መመለሴን እንደ መሻሻል ቆጠርኩት።

ሁሉንም ለሰው አወራሁ፤ ለእናቴ ብቻ አልተናገርኩም።

እናቴ የምትኖረው ቂርቆስ፣ ያደግኩበት ቤት ነው። እሑድ እሑድ እሷ ዘንድ እበላለሁ። የእሷን ጉርሻ የማያውቅ ጉርሻ አውቃለሁ አይበል። ጠቅልላ ጠቅልላ ጡጫዋን ታሳክለውና «ፍቅርና ጉርሻ ሲያስጨንቅ ነው» እያለች ትገፋዋለች። እንባዬ እስኪመጣ ከታገልኩ በኋላ ደግሞ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብላ ሁለተኛውን ታስከትላለች። እኔም እንደ አባቴ «ሆድ ይፍጀው» አልኩና፣ ከጉርሻው የሚያስጥለኝ ሰበብ ፈለግኩ።

«እማዬ፣ ጨጓራዬን አሞኛል፤ ብዙ አልበላም» አልኳት።

ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። እናቴ ግን ጨጓራ የሚባል ነገር ስትሰማ ዝም አትልም፤ በሚቀጥለው እሑድ ተልባ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ በጥብጣ ጠበቀችኝ። ያውም በማር። «ማሩ ከአገር ቤት የመጣ ነው፣ ቁስሉን ይሽረዋል» አለች። ስኳሬን ለመደበቅ ብዬ በትልቅ ብርጭቆ ማር ጠጣሁ። በሚቀጥለው እሑድ ማሩን ጨመረችበት፤ ፊቴ አልፈካላትም ነበርና።

ወሩ አልቆ ክሊኒክ የሄድኩት ሐሙስ ዕለት ነው። ያችው ደም የምትቀዳ ልጅ «ጋሼ፣ ጾመዋል?» አለችኝ።

«ዛሬ ሐሙስ ነው እኮ፤ ምን ጾም አለ?» አልኳት።

መርፌውን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ። «ማለቴ... ምንም ሳይቀምሱ ነው ወይ የመጡት? እህል ውሃ ሳይሉ?»

«ቁርሴን በልቻለሁ።»

«ያለፈውስ?»

«ያለፈው ረቡዕ ነበር። የጾም ፍርፍር ነው የበላሁት» አልኩ፤ ስናገረው ራሴን ሰማሁት። ልጅቷ መርፌውን አስቀመጠችና «አንዴ መጣሁ» ብላ ወጣች። ከበሩ ጀርባ ሳቋ ይሰማኛል። እኔም ብቻዬን ሳቅኩ። ለካ ያ ሁሉ ስኳር የኔ አልነበረም፤ የፍርፍሩና የሻዩ ነው! ያን ማታ ቤት ገብቼ ታሪኩን ለሚስቴ እየተወንኩ ነገርኳት። አብራኝ ሳቀች፤ ሳቋን ስትጨርስ ግን «ጥሙስ?» አለችኝ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። በእጄ የያዝኩትን የውሃ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ማግስቱ ዓርብ ነበር። በሁለቱም ዓይነት ጾም ሄድኩ። ሐኪሟ ውጤቱን ይዛ ስትመጣ እንደ ፊተኛው አልደነገጠችም፤ ቁጥሩ ወርዷል፤ ግን ስኳር ነው አለች። ዛሬ የሚወቀስ ፍርፍር የለም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። መድኃኒቱን ጻፈችልኝ፣ እኔም አመስግኜ ወጣሁ። መንገድ ላይ ቀልድ ፈለግኩ፣ ጠፋኝ። ፈራሁ። እግሬን አየሁት፤ የአባቴን ጫማ አሰብኩ።

እሑድ ቂርቆስ ስደርስ ተልባው ተበጥብጦ ጠረጴዛ ላይ ነው። ማሩ ከብርጭቆው ሥር ይታያል።

«እማዬ» አልኳት፤ «ጨጓራዬን አላመመኝም። ስኳር ነው ያለብኝ። እንደ አባዬ።»

ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ አላለቀሰችም። «መቼ አወቅክ?» አለችኝ።

«ከወር በፊት።»

«ወር» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ «ወር ደህና ነው» አለች። ተልባውን አንስታ ሄዳ ደፋችው፣ እጇን ታጥባ ተመለሰችና ከጎኔ ተቀመጠች። እንደ ልማዷ እንጀራውን ቆርሳ፣ ወጡን አጥቅሳ፣ ጠቅልላ ጡጫዋን አሳከለች። ወደ አፌ አስጠግታው ቆም አለች። አየችው። ከዚያ ጉርሻውን ከመሀል ለሁለት ከፈለችውና ግማሹን አጎረሰችኝ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብላ ሌላውን ግማሽ አስከተለች።

እንዲያ ያነሰ ጉርሻ አጉርሳኝ አታውቅም። እንዲያ ያስጨነቀኝም የለም።