ጭቃ የማይቀበል ግድግዳ

የዘይት ቀለም ሽታ ያናድደኛል። ለሆሳዕና እማዬን ልጠይቅ ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር መጥቼ፣ ወንድሜ ታደለ «አዲሱ ቤታችን» እያለ የሚኩራራበትን ፎቅ እያለከለክሁ ወጥቼ በሩ ሲከፈት፣ ከእማዬ ቀድሞ የተቀበለኝ ያ ሽታ ነው። ገና ሳልስማት ተናደድሁ። ከቀለሙ ሥር ግን ሌላ ሽታ ነበረ፤ ኮምጠጥ ያለ፣ የበሰበሰ ጭድ የሚመስል፣ ከልጅነቴ ወዲህ አፍንጫዬን ነክቶት የማያውቅ። የቦካ ጭቃ ሽታ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጭቃ ከየት መጣ?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ታደለ የአባባን ቤት ከነግቢው ለአንድ ሕንፃ ሠሪ አስረከበው፤ ሰውየው የቦታውን ግምት እንደ ቅድሚያ ክፍያ ይዞ አዲስ ቤት ሰጠው፣ ቀሪውን ታደለ በየወሩ ይከፍላል። እማዬ «ልጄ ያለው ይሁን» ብላ አሻራዋን ሰጠች። እኔ የሰማሁት ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ሊገምት የመጣው ሰው ግድግዳውን በጣቱ ቆርቆር አድርጎ፣ «ይኼ ጭቃ ነው፤ ቦታውን እንጂ ቤቱን አንቆጥረውም» አለ አሉ። አልቆጠረውም! እስኪ ያልቆጠረውን እኔ ልንገረው።

ሆሳዕና ሲቃረብ አባባ ቤቱን ለመመረግ ከጓሮ አፈር ቆፍረው፣ ውሃና የጤፍ ጭድ ጨምረው ያቦኩትና እስኪበስል ያሳድሩት ነበር፤ አላፊ አግዳሚው አፍንጫውን ይይዛል፣ እኛን ልጆቹን ግን ያ ሽታ በዓል በዓል ይለን ነበር። ታደለና እኔ ልብሳችንን እስከ ጉልበታችን ሰብስበን እንረግጠዋለን፤ የጉና ተራራ ብርድ ያደረበት የጠዋት ጭቃ እግር ይቆርጣል፣ ታደለ ያለቅሳል፣ እኔ እስቅበታለሁ፣ ወዲያው ተንሸራትቼ ዘጭ ስል ደግሞ እንባውን ሳይጠርግ እሱ ይስቅብኛል። ጎረቤታችን ሐጂ ይማም፣ ገበያው ዳር ጨርቅ የሚሸጡት፣ ጾም ቢገጥማቸው እንኳ እጅጌያቸውን ሰብስበው ይመጣሉ፤ ቁመታቸው እንደ ባሕር ዛፍ ስለሆነ የጣሪያው ሥር ምርጊት የሳቸው ነበር። የሳቸው ቤት ሲመረግ እኛ እንሄዳለን። በመጨረሻ እማዬ መዳፏን ውሃ እየነከረች ስታለሰልሰው የጣቶቿ መስመር እንደ ታረሰ ማሳ ግድግዳው ላይ ይቀራል፣ እኔም በምድጃው አጠገብ ካለው መደብ ላይ ተኝቼ እንቅልፍ እስኪወስደኝ ያንን መስመር በጣቴ እከተል ነበር። አባባ የሞቱትም እዚያው መደብ ላይ ነው። ታደለ በስልክ፣ «ከቤቱ የምትፈልጊውን ዕቃ ውሰጂ» ሲለኝ ምን ልበለው? መደብ በምን ይጫናል?

መለዋወጥ ለእኛ አዲስ ነገር ሆኖ አይደለም። አባባ ያረጀ በሬያቸውን በወይፈን የለወጡ ጊዜ፣ ባለወይፈኑ «በሉ ይበቃል፣ መሸብኝ» እያለ ሲያቻኩላቸው፣ «ሳላርስበትማ አልወስድም» ብለው ወይፈኑን ጠምደው ትልም አስወጥተውታል። ያን ዕለት ከፊት ከፊት ሆኖ ወይፈኑን የሳበው ታደለ ነው። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ለበሬ የተደረገው ለእናታችን አልተደረገም፤ አዲሱ ቤት አንድ ሌሊት እንኳ ሳታድርበት አሮጌው ፈረሰ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው።

ሽታውን ተከትዬ እማዬ መኝታ ክፍል ገባሁ። አልጋው ሥር ጭቃ የሞላ ሳፋ አለ፤ ከአልጋው በላይ ነጩ ግድግዳ ተለቅልቆ፣ የተመረገው ግማሹ እየተላቀቀ ወለሉ ላይ ወድቋል። አፈሩን ከድሮው ግቢ፣ በቆርቆሮ ሳይታጠር፣ በፌስታል እየያዘች ያመጣችው ራሷ ናት፤ ጭዱን የላኩላት ሐጂ ይማም ናቸው።

ታደለ ከኋላዬ ገብቶ ጮኸ። «እማዬ! ምን ነካሽ? የተቀባ ግድግዳ እኮ ነው! ጎረቤት ምን ይላል?»

«የቱ ጎረቤት?» አልሁት። «እዚህ ከገባች ወዲህ ይህን በር ማን አንኳኳ? ስሙን ጥራልኝ!»

ወለሉን ሊጠርግ ጨርቅ አነሣ።

«ለበዓል ቤት ሳይመረግ አይቅር ብዬ ነው» አለች እማዬ፣ እንደ ተቆጡት ልጅ እጇን ከኋላዋ ደብቃ። «ብመርገው ብመርገው እንቢ አለኝ። አይዝም።»

እናቴ በገዛ ቤቷ እጇን ስትደብቅ ማየት አልቻልሁም። ጫማዬን አውልቄ ሳፋው ውስጥ ገባሁና ረገጥሁት፣ ዘግኜም ከግድግዳው ላይ በንዴት ለጠፍሁት። ቀስ ብሎ ተንሸራተተና ወደቀ። ደገምሁት፤ ወደቀ። ታደለ ሊጠርግ ጨርቅ ይዞ ተንበርክኮ ነበር፤ ጨርቁን ጣለና በሁለት እጁ አንስቶ እሱም ለጠፈው፣ መዳፉንም ደግፎ ቆየ። እጁን ሲያነሣ ያም ወደቀ።

«ተዉት ልጆቼ» አለች እማዬ። «ይህ ግድግዳ ጭቃ አይቀበልም።»

የወደቀውን ሁሉ ለቃቅማ ወደ ሳፋው መለሰች፣ ጨርቅ አልብሳ አልጋው ሥር ገፋችው። የድሮው ግቢያችን ዛሬ ለመሠረት የተቆፈረ ጉድጓድ ነው፤ ከአባባ ቤት የቀረው ያ ሳፋ ብቻ ነው። በየሳምንቱ ስደውልላት፣ «እማዬ፣ ጭቃው አልደረቀም?» እላታለሁ።

«ምን ያደርቀዋል» ትለኛለች፤ «ውሃ እጨምርበት የለ።»