ከሻንሲው ሥር ያየሁት

አሮጌ ገልባጭ መኪና ለሚገዛ ሰው የምሰጠው ምክር አንድ ነው፤ ከሻጩ ቤት ሳትበላ እይ። ይህን ያስተማሩኝ መሪ ያስጨበጡኝ ሽማግሌ ሾፌር ናቸው። «መጀመሪያ ከመኪናው ሥር ግባ፣ ከዚያ ታጠብ፣ ከዚያ ብላ» ይሉኝ ነበር። እኔም በከተማችን በገንዳ ውሃ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም ስናገረው ኖርኩ። አፍርሼው የተገኘሁትም እኔው ነኝ።

በዚያን ጊዜ መኪና የሚገዛ ሰው ሳያማክረኝ አይገዛም ነበር። ዓይን አለው ይሉኛል፤ እኔም ደስ ይለኛል። ሞተር ተነስቶ ሲሰማ ጭንቅላቴን ዘንበል አድርጌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ መቆም እወድ ነበር። ዓይን መጨፈኑ ለምንም አይጠቅምም፤ ግን ሰው ሲያየው ያምራል።

ጎረቤቴ ነርስ ናት። ከተማው ሁሉ ሲስተር ይላታል፣ እኔም እንደዚያው። አብርሃ ጅራ ለሰሊጥ ጭነት ስመላለስ ካላዛር ይዞኝ፣ ሆዴ ተነፍቶ እግሬ ክር አክሎ ጤና ጣቢያ ስገባ፣ መርፌውን በየቀኑ የወጋችኝ እሷ ናት። አጥሚት ከቤቷ እያመጣች አጠጥታኛለች። ዛሬ በእግሬ የምሄደው በእሷ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ይህች ሴት ናት አንድ ቀን በራፌ ላይ መጥታ አዘዞ ያለውን የአባቷን ቤት ሸጣ ገልባጭ ልትገዛ መሆኑን የነገረችኝ። ከሽንፋ ወንዝ አሸዋ አስጭና ገንዳ ውሃ ለሚሠራው ቤት ሁሉ ልታቀርብ ነው። ጉልበቷን ያማታል፣ ተረኛነት ሰልችቷታል፣ ሌላ ጥሪት የላትም።

«ወንድም ጋሼ» አለችኝ፣ «እኔ የማውቅ የሰው አጥንት ነው። የመኪናውን አጥንት አንተ እይልኝ።»

«በኔ ጣይው» አልኳት። ደረቴንም መታ መታ ሳላደርግ አልቀረሁም።

ሁለት መኪና አይተን ጣልን። አንደኛው እዚያው ገንዳ ውሃ የነበረ ነው፤ ክብደቱን የሚሸከመው ባሌስትራ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል። ሁለተኛውን ሽንፋ ሄደን አየነው። አሸዋ የሚጫንበትን ካሶኒ ወደ ላይ አስነሳሁና «ይቁም» ብዬ ሻይ ቤት ገባን። አንድ ሻይ ጠጥተን ስንወጣ ካሶኒው ክንድ ያህል ወርዷል፤ የሚያነሳው ፒስተን ዘይት ያመልጠዋል ማለት ነው። ሲስተር በአድናቆት አየችኝ። እኔ ደግሞ ይህን የመሰለ ነገር ሲገጥመኝ ቁመቴ ይጨምራል።

ሦስተኛው መተማ ዮሐንስ ነበር። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ነጋዴ ናቸው፤ ማዶ ሱዳን ከተረበሸ ወዲህ ንግዱ ስለቀዘቀዘባቸው ንብረት እየሸጡ ነበር። ሐሙስ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ደረስን። ሙቀቱ ከመሬት ወደ ላይ ነው የሚነሳው። ሽማግሌው ነጭ ጀለቢያ ለብሰው በር ላይ ተቀበሉን። «ተፈደሉ፣ ተፈደሉ» እያሉ ወደ ውስጥ አስገቡን። ምንጣፉ ላይ ትሪ ቀርቧል።

«አባቴ፣ መጀመሪያ መኪናውን አየት ላድርግና…» አልኩ።

«መኪናው የት ይሄዳል ልጄ? የሚቀዘቅዝ ምግቡ ነው።»

ከዚያ የነገሩን ነገር ነው አንደበቴን የዘጋው። ፍየሏን ያረደው ክርስቲያን ጎረቤታቸው ነው፤ የተሠራችውም በእሱ ቤት፣ በእሱ ድስት ነው። «ሳትጠራጠሩ ብሉ፤ የናንተው እጅ ነው» አሉን። በእኛ አገር ክርስቲያንና እስላም አብሮ ይነግዳል፣ አብሮ ያለቅሳል፤ ሥጋ ላይ ግን ሁሉም በየቢላዋው ነው። እሳቸው የማይበሉትን ፍየል ለእኛ ብለው አሳርደዋል። ለራሳቸው ፉል ቀርቦላቸው አጠገባችን ተቀምጠው «ብሉ እንጂ፣ ምነው አልበላችሁም» ይላሉ። ይህን ያህል ያከበረኝ ሰው አላውቅም። እጄን ታጠብኩና በላሁ። ደግሞም ጥርግ አድርጌ ነው የበላሁት።

ከምሳ በኋላ፣ ጎረቤት ሊያይ ተሰብስቦ ሳለ፣ መኪናው ሥር ገባሁ። እግሬ ፀሐይ ላይ ቀርቶ ነበር፤ ሽማግሌው ጃንጥላቸውን ዘርግተው ጋረዱልኝ። «በደንብ እየው ልጄ፣ ሳትቸኩል» አሉ። ሲስተር በማዶ በኩል ከኋላ ጎማው ወዲያ ቁጢጥ ብላ ታየኝ ነበር። በእጄ ሻንሲውን ከኋላ ወደ ፊት እየዳሰስኩ መጣሁ። ከጋቢናው ጀርባ፣ ፒስተኑ ከሚያርፍበት አጠገብ፣ በግራ በኩል ጣቴ እብጠት አገኘ። ጭቃ ተለጥፎበታል፣ ከጭቃው ሥር ጥቁር ቀለም አለ። በጥፍሬ ፈቀፈቅሁት። አንድ ስንዝር ብየዳ ነው።

ሻንሲ ለመኪና የጀርባ አጥንት ነው። የተሰበረ ሻንሲ ተበይዶ ሜዳ ላይ ዓመት ሊሠራ ይችላል። ገልባጭ ላይ ግን ያ ሁሉ አሸዋ ወደ ላይ ሲነሳ ክብደቱ የሚያርፈው እዚያ ቦታ ላይ ነው። ይህን ለማወቅ ዓይን መጨፈን አያስፈልግም።

በጀርባዬ እንደተንጋለልኩ ቀረሁ። የጃንጥላው ጥላ ጉልበቴ ላይ ይወዛወዛል። በጢሜ ላይ የፍየሏ ቅባት ገና አልደረቀም። አሁን ወጥቼ፣ ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ እኚህን ሰው «መኪናዎ ስብራት ነው» ልበላቸው? የበላበትን ወጪት ሰባሪ ልባል? ውሸት ምን ያደርጋል፣ ይሉኝታ ብቻም አልነበረም። ልጄ እየተባልኩ፣ እየተጋረደልኝ፣ ያን ክብር በገዛ አፌ ለማፍረስ ሳሳሁ። በመንገድ ላይ ለብቻዋ እነግራታለሁ ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ወጣሁ። አቧራዬን አራገፍኩ።

«እንዴት ነው?» አለች ሲስተር።

«ለሥራ ይሆናል» አልኩ።

ሽማግሌውን አልወቅስም። መኪናውን ከሌላ ሰው ገዝተው ሾፌር ቀጥረው ያሠሩ ነበር እንጂ እሳቸው ሥሩ የሚገቡ ሰው አይደሉም። በደንብ እየው ያሉኝም እሳቸው ናቸው።

ወደ ገንዳ ውሃ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሲስተር አላረፈችም። ጋቢናው ግንባር ላይ በትልቁ «የአባቴ ቤት» ብላ ልታስጽፍ ነው። ቤቱ አልተሸጠም፣ ጎማ አወጣ እንጂ፣ ብላ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ነገ ከውሉ በፊት እነግራታለሁ አልኩ። በማግስቱ ሽማግሌው መጡ፣ ውሉ ተጻፈ፣ ምስክር ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ፈረምኩ። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው ገልባጭ መኪና ገዝቶ አያውቅም መሰለኝ።

አራት ወር ሠራ። «የአባቴ ቤት» በከተማው ሲያልፍ ባየሁት ቁጥር ዓይኔ ወደ ግራ ሻንሲው ይሄዳል። ሾፌሩ ከጎጃም የመጣ ጨዋ ሰው ነው፤ «አደራ፣ ብዙ አትጫን» እለዋለሁ፣ «እሽ ጋሸ» ይለኛል። ምክንያቱን አልነገርኩትም። በየቀኑ ስላልተሰበረ ደግሞ እየተደፋፈርኩ ሄድኩ፤ እንዲያውም ልክ ነበርኩ ማለት ጀምሬ ነበር።

አንድ ጠዋት ከቤቴ ብዙም በማይርቅ ግንባታ ላይ አሸዋ ሊገለብጥ ካሶኒውን ሲያነሳ ሻንሲው ከብየዳው ላይ ተቆረጠ። መኪናው በግራ ጎኑ ወደቀ። ስደርስ ሰው ሾፌሩን ከጋቢናው እየጎተተ ያወጣል፤ እግሩ ተሰባብሯል። «የአባቴ ቤት» የሚለው ጽሑፍ ወደ ጎን ተኝቶ አሸዋ ውስጥ ገብቷል። ሲስተር ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ሮጣ መጣች። መኪናውን ዞር ብላም አላየችው፤ ተንበርክካ የሾፌሩን እግር በጣውላ አሰረች።

መኪናው በብረት ዋጋ ተሸጠ። እሷ ወደ ተረኛነቷ ተመለሰች፣ ሾፌሩም እያነከሰ ለሕክምና ይመላለሳል። ሰው ሲጠይቃት «እሱማ አይቶልኝ ነበር፤ እድሌ ነው» ትላለች አሉ። ይህን ከሰማሁ በኋላ በደጇ ማለፍ ተውኩ። ወደ ገበያ ስሄድ በጀርባ መንገድ እዞራለሁ። መኪና እይልን ብለው ለሚመጡም «ጆሮዬ ደክሟል» እላቸው ጀመር።

ሁለት ወር እንደዚህ ቆየሁና አልቻልኩም። ከሰዓት በኋላ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ቁስል ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ፋሻ ትጠቀልላለች።

«ሲስተር፣ ብየዳውን አይቼው ነበር» አልኳት። ሌላ መግቢያ አልፈለግሁለትም።

ፋሻውን መጠቅለሏን አላቆመችም።

«አውቃለሁ።»

«ከማን ሰማሽ?»

«ከማንም። ከጎማው ወዲያ ሆኜ አይህ አልነበር? እጅህ ስትሄድ ስትሄድ ቆመች። እኔ ዕድሜዬን የሰው ሆድ ስዳብስ ነው የኖርኩ። እጅ ክፉ ነገር ሲያገኝ እንዴት እንዲቆም አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ጠየቅሁህ እኮ። እንዴት ነው አልኩህ። ይሆናል አልከኝ።» ቀና ብላ አየችኝ። «ዓይኔን ትቼ አንተን አመንሁ።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አጥሚቱን፣ ካላዛሩን፣ የአባቷን ቤት ሁሉ ብትቆጥርብኝ በወደድኩ። እሷ ግን ፋሻውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠችና «ሰውየው ውጭ ተቀምጧል፤ ደግፈህ አስገባልኝ» አለች።

ሾፌሩ አግዳሚው ላይ ዱላውን ይዞ ተቀምጧል። ሲያየኝ ፊቱ በራ። ክንዱን ትከሻዬ ላይ ጣለ፤ ክብደቱን በሙሉ አሳረፈብኝ። ደረጃው ሦስት ብቻ ነው፣ በየአንዱ ላይ ቆመን ተነፈስን። አልጋው ላይ ሳስቀምጠው እጄን ያዘኝ።

«እግዜር ይስጥህ ጋሸ» አለኝ። «ብዙ አትጫን ስትለኝ እኮ ብሰማህ ደግ ነበር።»

ፋሻውን ያነሳችው የሲስተር እጅ ቆመች።

«እስቲ ሳታመሰግነኝ ቆይ» አልኩት፣ «የጭነቱ ነገር አይደለም። አንድ የምነግርህ አለኝ።»