ሁለቴ የሚለካው ሰው

የሥነ ልቦና ምክር ክሊኒኩ መዝጋቢ ሰውዬው አናጢ መሆኑን ያወቀችው ጆሮው ላይ ከሻጣት እርሳስ ነው። ሲገባ ከሰው ሁሉ አስቀድሞ የበሩን መቀርቀሪያ ያያል። ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ ነበር።

“ልጄ፣ የመንግሥት የጤና መድን ትቀበላላችሁ?”

“አባባ፣ ባለፈው ነግሬዎት የለ? መድኑ ለተሰበረ እግር እንጂ ለምክር አይከፍልልንም።”

“ነግረሽኛል። አናጢ ሁለቴ ሳይለካ አይቆርጥም ብዬ ነው።”

ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። የከተማው የምክር ክሊኒኮች በተርታ ተጽፈውበታል። አንዴ እምቢ ባለው ላይ ስስ መስመር አስምሯል፤ ሁለቴ እምቢ ባለው ላይ ወፍራም። ወፍራም መስመር ያልተሰመረበት የእሷ ክሊኒክ ብቻ ነበር።

መዝጋቢዋ ጨነቃት። “ለማን ነው፣ አባባ?”

“ለልጄ። ከክፍሏ መውጣት ካቆመች ሁለት ወሯ። ደግ ልጅ ናት፣ ማንንም አታስቸግርም፤ አትናገርም እንጂ።” ፈገግ ለማለት ሞከረ። “የቤቱን መቀርቀሪያ ሁሉ ነቅዬ ጨረስኩ፤ በገዛ እጄ የገጠምኩትን። ጎረቤቶቼ ሌባ ሊጋብዝ ነው ይሉኛል። እኔ የምፈራው የውጪውን ሰው መስሏቸው።”

መልስ ሳይጠብቅ የመድን ደብተሩን ከኪሱ አወጣና ጠርዙን እንደ ማስመሪያ ይዞ የመጨረሻዋን መስመር ቀጥ አድርጎ አሰመረ። እርሳሱን ጆሮው ላይ መለሰና “እግዜር ይስጥልኝ” ብሏት ወጣ።

በሩን ገርበብ አድርጎ ነበር የተወው። ብርድ ይገባል፤ መዝጋቢዋ ግን ተነስታ ልትዘጋው ስትል እጇ እምቢ አላት።