«ድኗል» የተባለው ልብስ ሰፊ

ሰፈሩ «ሜትሮ» ይለዋል፤ የልብስ መለኪያው ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየአራት ሳምንቱ የአእምሮ ሕመም መርፌ እየተወጋ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍቷል። «እኔን የሚያኖረኝ መርፌ ነው፤ አንዱ ጨርቁን ይሰፋል፣ አንዱ እኔን» ይላል። ከዚያ በፊት ስኪዞፍሬንያው ሲበረታ፣ ከስፌት መኪናው ሆድ የሚወጣ ድምፅ ሲሰድበው ይውል ነበር።

መድኃኒቱ ራሱ ድንቅ ነገር ነው! በዘይት ተበጥብጦ ጡንቻ ውስጥ ይቀመጥና ጥቂት በጥቂት ወደ ደም ይገባል። ቢቋረጥም ወዲያው ተሟጦ አያልቅም። ጉዱ እዚህ ላይ ነው፤ ያቆመ ሰው ለሳምንታት ደህና ስለሚሆን፣ ያየው ሁሉ «ድሮም አላስፈለገውም» ይላል።

ታላቅ እህቱ የሕክምና ካርዱን ልታሳድስለት ሄዳ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ «ወንድምሽስ?» ቢላት፣ «ተመስገን፣ ድኗል!» አለችው። ማን እንዲህ አይልም? ጉንፋን የለቀቀውም «ድኗል» ነው። ሰውዬው ግን ቃሉን እንደወረደ ጻፈውና ፋይሉን ከተዘጉት ጋር ደረደረው። ሐኪም ሳያየው!

ሜትሮ በቀጠሮው ሲመጣ «ለዳነ ሰው መርፌ የለም፤ እንኳን ደስ ያለህ» ተብሎ ተመለሰ። በሚቀጥለውም ወር እንዲሁ። በሦስተኛው ወር እህቱ ወደ ሱቁ ብትገባ፣ አዳዲስ ኮሌታዎችን ሲተረትር አገኘችው።

«ውስጡ የሚያወራ አለ» አላት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «እትዬ፣ እየመጣብኝ ነው። ቶሎ እንሂድ» አለ።

ካርድ ክፍሉ ሲደርሱ ያው ሠራተኛ ቀና ብሎ አየው። «ይኸው ቆሞ ይሄዳል፣ ያወራል። ፋይል የሚከፈተው በደንብ ሲያመው ነው።»

«እስኪያብድ ጠብቂ ነው የምትለኝ?» ጮኸች እህቱ።

ሜትሮ የሰውዬውን ኮት እጅጌ ያዘ። «ወንድሜ፣ ይሄ አልተቀደደም ብዬ ክሩን ልምዘዝልህ?»

ተራ ጠባቂዎቹ ሳቁ። ጩኸቱን የሰማች ነርስ ወጥታ ሐኪሙ ዘንድ አስገባችው፤ በዚያው ቀን ተወጋ።

ነገሩ ግን አላበቃም። ሠራተኛው ፋይሉን መልሶ የሚከፍትበትን ቅጽ ዘርግቶ፣ «ታሟል ልበል ድኗል? ከሁለቱ ሳጥኖች ሌላ ቦታ የለውም» አለ። ደሜን የሚያፈላው ይሄ ነው! መድኃኒቱን እየወሰዱ በደህና የሚኖሩ ስንትና ስንት ሰዎች እያሉ፣ ቅጹን ያዘጋጀው ሰው አንድ መስመር ነፈጋቸው።

እህቱ ብዕሩን ከእጁ ነጥቃ በሁለቱ ሳጥኖች መካከል፣ «በመርፌው ደህና ነው፤ እንዳታቋርጡ!» ብላ ጻፈች።