የጉና ቃጠሎና የአማቴ ንቦች

በደርግ ጊዜ ባሌ ዘምቶ እኔ ከአማቴ፣ ከባሌ አባት ጋር፣ ጉና ተራራ ሥር ቀረሁ። አማቴ ንብ ያነቡ ነበር፤ ጓሯችን ሁለት ቀፎ ነበረን። በዚያ በጋ ጎረቤቶቻችን ለከብቱ ለምለም ሣር ይብቀል ብለው እንደ ልማዳቸው ተዳፋቱ ላይ እሳት ለቀቁ። ነፋሱ ዞረባቸውና እሳቱ አስታ የሚባለውን የደጋ ቁጥቋጦ፣ ደኑን፣ ከሥሩ ያለውን አበባ ሁሉ ጠራርጎ በላው። ቀፎዎቹ ተረፉ። ግን ንብ ምን ትቅሰም? አመድ?

እኛ ዘንድ ንብ ጥሎት የሄደ ቤት ሰው ይጎድልበታል ይባላል። ከቤቱ ርቆ ያለው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። አማቴ ይህን ከአፋቸው አላወጡትም፤ እህል ግን እምቢ አሉ። «ኧረ አባባ፣ ትንሽ ይቅመሱ!» ስላቸው፣ «ንቦቹስ በሉ?» ይሉኛል።

አንዱ ጎረቤት ሊያጽናናን መጥቶ «አይዟችሁ፣ ሣሩ ይበቅላል» አለ። ደሜ ፈላ። «የእኛ ንብ ሣር ትግጣለች?» አልኩት። አማቴ ባይቆጡኝ ገና ብዙ እለው ነበር። ከዚያ ወዲያ በሶ በማር ውኃ እየበጠበጥኩ ቀፎው አፍ ላይ አስቀምጥ ጀመር። ምን ዋጋ አለው፣ የአንዱ ቀፎ ንብ አንድ ረፋድ ዓይናችን እያየ ተነሥቶ ኮበለለ። አማቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀመጡ፤ እኔም ፈራሁ።

ከዚያ ዝናብ ጣለ። ሰንበት ብሎ አንድ ጠዋት ወደ ቀረው ቀፎ የምትገባ ንብ አየሁ፤ እግሯ ላይ ቢጫ ነገር ይዛለች። በሶ ደግሞ ቢጫ አይደለም። «አባባ! ኧረ ይምጡ!» ብዬ ጮህኩ።

ተያይዘን ወጣን። መሬቱ እንደ ከሰል ጠቁሯል፤ በጥቁሩ ላይ ግን ድሮ በቁጥቋጦ ተሸፍኖ የማናየው ቢጫ አበባ ፈልቷል። የተቃጠለው አስታም ከግንዱ ሥር ቀንበጥ አውጥቷል። እሳት አመድ ወለደ ሲባል ነው የማውቀው፤ አበባ መውለዱን ያየሁት ያኔ ነው። ንቦቻችን አበባው ላይ ይርመሰመሳሉ። አማቴ ተንበርክከው አመዱን በጣታቸው ጫሩ። የአበባው ሥር ነጭና እርጥብ ነበር።

«ተመስገን! እሳቱ ሥሩን አልነካውም» አሉ። ቀና ብለውም «ልጄ፣ የሚበላ ይዘሻል?» አሉኝ።

ከጉያዬ ቂጣ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ቆመው በሉ። እኔ እንባዬን መመለስ አቃተኝ።

ባሌ ከብዙ ጊዜ በኋላ እያነከሰ መጣ። እኔ እፎይ ያልኩት ግን ያን ቀን ነው፤ አማቴ ቂጣውን እስከ ፍርፋሪው ጨርሰው «ጨው ረስተሻል» ያሉኝ ጊዜ።