የሱንት ወለልና የፋሲካ ቄጠማ

አሠሪዬ ሀጃ እርጥብ ሴራሚክ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ በኋላ፣ ዓረብ አገር የሚሠራው ልጃቸው የእናቱን ክፍልና ሳሎኑን በእንጨት ለማስነጠፍ ወሰነ። ይህ የሆነው ከሱዳኑ ጦርነት በፊት ነው። ካርቱም፣ ሪያድ በሚባለው ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው ስሠራ ስድስተኛ ዓመቴ ነበር። ከግቢው በስተጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ከልጄ ጋር እኖር ነበር። ሠራተኛን ከነልጇ የሚያስጠጋ ቤት ካርቱም ውስጥ ብዙ የለም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኔ አግኝቼ ነበር።

አናጢውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። አንድ ቤተ ክርስቲያን የምንሳለም ያገሬ ሰው ነው። ጀብራ በሚባል ሰፈር በሰው ወርክሾፕ በርና መስኮት እየሠራ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ያኖራል። የሀጃ ልጅ በስልክ፣ "ታውቂዋለሽ?" ሲለኝ፣ "አውቀዋለሁ" አልኩ።

"እንግዲያው ይጀምር። ሥራው ካማረኝ የራሴን ቤት ወለል በሙሉ ለሱ እሰጠዋለሁ" አለ።

የእሱ ቤት በዚያው ሰፈር እየተሠራ ያለ ባለ ሁለት ፎቅ ነው። አናጢው ያንን ሥራ ቢያገኝ የራሱን ወርክሾፕ ሊከፍት ይችል ነበር። ለሚስቱም ነግሯታል። እሷም ልጆቿን ይዛ ስእለት ገብታ ነበር።

ሦስት ቁራጭ ጣውላ ይዞ መጣ፤ ከደቡብ የመጣ ቲክ፣ ማሆጋኒ፣ ሱንት። ሱንት እኛ ግራር ከምንለው ወገን ነው፤ በወንዙ ዳር ይበቅላል። የሀጃ ዓይን ደክሟል። ስለዚህ ጣውላዎቹን መሬት ላይ ደርድሮ እንዲረግጧቸው አደረገ። ምርኩዛቸውን ይዘው፣ በእኔ ትከሻ ተደግፈው፣ በባዶ እግራቸው አንድ በአንድ ቆሙባቸው። ሱንቱ ላይ ሲደርሱ አልወርድም አሉ።

"የአባቴ ጀልባ ከዚህ ነበር የተሠራው" አሉ።

"ሀጃ፣ ይህ ግትር እንጨት ነው፤ መጋዝ ይሰብራል" አላቸው።

"እኔስ?" አሉት። ሳቀ፤ ሱንቱም ተመረጠ።

ዐሥራ አንድ ቀን ሠራ። ሴራሚኩ ላይ ሞራሌ ደረደረ፤ በሞራሌው ላይ ጣውላውን እያጋጠመ መታ። ከግድግዳው ጥግ ጣት የምታህል ክፍተት ተወ፤ ዝናብ ሲመጣ እንጨቱ ስለሚያብጥ ነው አለኝ። ሲሠራ ይቀልዳል። "ይህ ጣውላ ከእኔና ካንቺ ይሻላል፤ መንገድ ላይ አስቁሞ ኢቃማ የሚጠይቀው የለም" ይል ነበር። የመኖሪያ ፈቃዱ ካበቃ ቆይቷል።

የነሐስ ምስማር ገበያ ላይ አጥቶ በብረት መታው። ዘይት ሦስት ጊዜ ቀብቶ ሲጨርስ ጠራኝና ቀልዱን ተወ።

"እህቴ፣ ሱንት ቆዳ የሚያለፉበት ዛፍ ነው። በውስጡ ያለው ነገር ብረትና ውሃ ካገኘ ቀለም ይሆናል። እንደ ሴራሚኩ ውሃ ደፍተሽ እንዳትጠርጊው። ጨርቅ ጨምቀሽ ብቻ።"

ቃሉን ጠበቅኩ። አንድ ባልዲ እንኳ ሳሎን አስገብቼ አላውቅም።

በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ተጋጥመው ነበር። ሀጃም እኔም እንጾማለን። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ሁለታችን ሳሎን ውስጥ ዝም ብለን እንቀመጣለን። የእኔ ጾም ቀድሞ ሊፈታ ሲል፣ "ቢንቲ፣ ልጄ፣ ዘንድሮ በዓልሽን እዚሁ አድርጊ። ቤቱ ደስታ ይግባበት" አሉኝ። ከዚያ በፊት በዓሌን የማከብረው በጓሮው ክፍላችን ውስጥ ነበር። እመቤቴ ላከበሩኝ አጸፋ ለመመለስ ያህል፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከወንዝ ዳር የመጣ ቄጠማ ሁለት እቅፍ ገዝቼ ሳሎኑን ሞላሁት።

ለበዓል ቄጠማ መጎዝጎዝ ከልጅነቴ የማውቀው ነው። በእጄ ላይ እንደ ጸሎት ያለ ነገር ነው፤ ሰው አያስብበትም። እንዳይጠወልግ ውሃ ይርከፈከፍበታል፤ በዓሉ እስኪያልፍ አይጠረግም። ውሃ በባልዲ ሲሆን ውሃ ነው። በሣር ላይ ሲሆን ግን ውሃ መሆኑን አላሰብኩም። ሀጃ ሽታውን ወደውት፣ "የወንዙን ዳር ይሸታል፤ እርጪበት፣ እርጪበት" ይሉኝ ነበር። ሦስት ቀን ረጨሁ።

ማክሰኞ ሣሩን ስሰበስብ ወለሉ ጠቁሮ ነበር። በየምስማሩ ዙሪያ ቀለም የፈሰሰ ይመስላል። የጣውላዎቹ ጠርዝ ብቅ ብቅ ብሏል። በሎሚ አሸሁት፤ ዙሪያው ነጣ፣ መካከሉ ጥቁር ቀረ።

ያደረግሁትን አልደብቅም። ከመጋዘኑ ትልቁን ምንጣፍ አውጥቼ አለበስኩት። ሀጃ አላዩም፤ ዓይናቸው ደካማ ነው። እኔም አልነገርኳቸውም። ልጄን አሰብኩ፤ ክፍላችንን አሰብኩ። በዚያ ሳምንት ጠዋት ጠዋት ስጸልይ ቃላቱ ከአፌ አይወጡም ነበር።

ልጃቸው ለኢድ መጣ። እናቱን ሳመ፤ ሻይ ጠጣ፤ ከዚያ፣ "ይህን ያህል ያወጣሁበት እንጨት ምን ሆኖ ነው ምንጣፍ የለበሰው?" ብሎ ጫፉን ገለጠ። ወዲያው ስልኩን አንስቶ አናጢውን ጠራው።

አናጢው የታጠበ ሸሚዙን ለብሶ ነበር የመጣው፤ ለሌላው ቤት ልኬት የተጠራ መስሎታል። የእኔን ፊት ሲያይ ፈገግታው ጠፋ።

"እርጥብ እንጨት ነው የነጠፍክልኝ" አለው ልጁ። "ሳይደርቅ! ሁለት ወር እንኳ አልቆየም። የሐበሻ ሥራ እንዲህ ነው?"

አናጢው ተንበረከከ። በጥቁሩ ላይ እጁን አስኬደ። ከዚያ በሁለት ጣውላዎች መጋጠሚያ ውስጥ ጥፍሩን ሰድዶ የደረቀ ቄጠማ ስንጥር መዘዘ። አየው። ቀና ብሎ አላየኝም። ስንጥሩን ኪሱ ከተተና፣

"ማዕሌሽ ኡስታዝ፣ ይቅርታ ጌታዬ፣ አስተካክለዋለሁ" አለ።

"አስተካክል። የእኔን ቤት ግን እርሳው።"

"እሺ" አለ።

ያን "እሺ" መሸከም አልቻልኩም። ምን ዓይነት ምላስ እንደተሰጠኝ አላውቅም፣ "ኡስታዝ፣ እኔ ነኝ" አልኩ። "ለበዓሌ ሣር ጎዘጎዝኩበት። ውሃ ረጨሁበት። እሱ ውሃ እንዳላስነካው አስጠንቅቆኝ ነበር። በምንጣፉም የደበቅሁት እኔ ነኝ።"

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ? ስድስት ዓመት ያመንኩሽ ሴት?"

ሀጃ ከወንበራቸው ሆነው ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ መቱ።

"ድምፅህን ቀንስ። በዓልሽን እዚህ አድርጊ ያልኳት እኔ ነኝ። እርጪበት ያልኳትም እኔ ነኝ። እኔን ልታባርረኝ ነው?" ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው ዝግ ባለ ድምፅ፣ "ምንጣፉን ግን እኔ አላልኩሽም ቢንቲ" አሉኝ።

ከልጁ ቁጣ ይልቅ ይህ ዘለቀኝ። ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ጠየቅኩ። እጃቸውን ራሴ ላይ አኖሩ።

አናጢው መጀመሪያ መስኮቱን አስከፍቶ እንጨቱን አራት ቀን አደረቀው። ከዚያ በማሽን ፋቀው፤ ማሽኑ የማይደርስበትን እሱና እኔ ተንበርክከን በብርጭቆ ወረቀት አሸነው። አቧራው ቀይ ነበር፤ ፊታችን ሁሉ ቀላ። ጥቁሩን የሚያነጣ ዱቄት አሟሙቶ በብሩሽ ነካካው፤ አብዛኛው ለቀቀ። ምስማሮቹ አጠገብ ግን የቀረ አለ፤ ዛሬ ነገ ይለቃል ብሎ አላታለለኝም።

ስናሽ፣ "ሣሩን አይተህ ለምን ዝም አልክ?" አልኩት።

"እኔ የማጣው ሥራ ነው" አለ። "አንቺ ግን ከነልጅሽ ቤት ነበር የምታጪው። ደግሞ በብረት ምስማር የመታሁት እኔ ነኝ፤ ንጹሕ አይደለሁም።" ቆይቶ፣ "እጅሽን አትጫኚው፤ ሊጥ እያሸሽ አይደለም" አለኝ። ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ያን ጊዜ ሳቅኩ።

ዘይቱ ሲደርቅ የሀጃ ልጅ ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር ተራመደበት። ተጎንብሶ በመዳፉ ዳሰሰው። በተረፉት ጥቁር ነጥቦች ላይ ጣቱን አሳለፈ።

"ከመሄዴ በፊት፣ ቅዳሜ መጥተህ የእኔን ቤት ለካ" አለው። ወደ እኔም፣ "አንቺ እዚያ የምትገቢው ባዶ እጅሽን ነው፤ ሣርም ውሃም ሳትይዢ" አለኝ። ቁጣው ገና አልበረደም፤ ግን ቤቱን አላስለቀቀኝም። እግዚአብሔር ይስጠው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የአናጢው ሚስት ሕዝቡን እየሰነጠቀች መጥታ አቀፈችኝ። ጉንጬን እያገላበጠች ሳመችኝ። "አንቺ ባትኖሪ ይህን ሥራ መቼ እናገኝ ነበር! እግዚአብሔር ውለታሽን ይክፈልሽ" አለችኝ።

ባሏ ምንም እንዳልነገራት ገባኝ። ባሏን ፈለግኩት፤ ከወንዶቹ ጋር ቆሞ ወዲያ ያያል። እጇን ይዤ ወደ ግንቡ ጥላ ወሰድኳትና አጠገቤ አስቀመጥኳት። ከሣሩ ጀምሬ ነገርኳት።