ጋሼ መኩሪያ መኪና ሲያቆሙ

ጋሼ መኩሪያ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት በአሜሪካው ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የሰው መኪና ሲያቆሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ከምግብ ቤቶቹ ጀርባ፣ አርባ መኪና እንዲይዝ በተሠመረ ግቢ ውስጥ ስልሳ ሦስት አስገብተው ያውቃሉ፤ ይህንንም ላልጠየቃቸው ሁሉ ይናገራሉ። የራሳቸውን ቁልፍ ግን ለማንም ሰጥተው አያውቁም። ለምን ሲባሉ፣ «ሥራውን ስለማውቀው ነው» ይሉና ወሬ ይለውጣሉ።

ስለዚህ ሠርግ ሲጠሩ ባለቤታቸውን እትዬ ሣህሊቱን በር ላይ ያወርዱና የሚታመን ቦታ ፍለጋ ይሄዳሉ። ሲመለሱ ኬኩ አልቋል። ልጃቸው እየሩስ ክርስትና ስትነሣ እንኳ የደረሱት ቄሱ ወጥተው ጫማቸውን ሲያደርጉ ነው። የቤተሰቡን አልበም የገለጠ እንግዳ እትዬ ሣህሊቱ ባላቸው የሞተባቸው ሊመስለው ይችላል።

እትዬ ሣህሊቱ እዚያው አቅራቢያ፣ ቶራንስ በምትባል ከተማ፣ አንዲት ፖርቱጋላዊት አሮጊት ያስታምሙ ነበር። ከአሮጊቷ ራስጌ የራሳቸው የሠርግ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ሊዝበን ዳርቻ ኬሉሽ በምትባል ከተማ፣ ከጥንቱ ቤተ መንግሥት ፊት፣ ሙሽሪትና ሙሽራው ክንድ ለክንድ ተያይዘው ቆመዋል። እትዬ ሣህሊቱ ዘጠኝ ዓመት አቧራውን ጠረጉት። አሮጊቷ ያረፉ ዕለት እትዬ ሣህሊቱ ቤታቸው ገብተው ባላቸውን አንድ ነገር ብቻ ለመኑ፤ እዚያው ቦታ፣ እንደዚያው ሆነው፣ አብረው አንድ ፎቶ እንዲነሡ። ጋሼ መኩሪያም በሚካኤል ስም ማሉ።

እየሩስ አየር መንገድ ስለምትሠራ የትኬቱን ጉዳይ ጨረሰች። በፈረንጆቹ 2017 ሦስቱም ሊዝበን ገቡ፤ አባትየውም ወዲያው መኪና ተከራዩ፤ ቀይ፣ የጫማ ሳጥን የምታህል።

«ዳዲ፣ ትሬይን እኮ ይሻላል፤ ትዌንቲ ሚኒትስ ነው» አለች እየሩስ።

«ፓርኪንግ የሠራ ሰው በትሬይን አይሄድም።»

ኬሉሽ ሲደርሱ ቤተ መንግሥቱ ሰማያዊ ተቀብቶ፣ የንግሥቲቱ ሐውልት ፊት ለፊቱ ቆሞ አገኙት። አደባባዩ በመኪና ግጥም ብሏል። ጋሼ መኩሪያ እናትና ልጅን አውርደው «አምስት ደቂቃ» አሉ። እትዬ ሣህሊቱ ለዚህ ቀን ያሰፉትን ቀሚስ ሰብስበው ወረዱ።

አንድ ጥግ ላይ፣ ጋዜጣ የጠቀለለ ሽማግሌ ባዶ ቦታ እያሳየ እጁን ያወዛውዛል። ቦታው ሰፊ ነው፣ ምልክት የለበትም። ጋሼ መኩሪያ ግን እጁን አዩት። ያን እጅ ያውቁታል፤ የራሳቸው ነው። እንዲያ እያወዛወዙ ስንቱን የሰው ደጃፍ ላይ አስቁመው፣ ጎታቹ መኪና ሲመጣ «አላየሁም» ብለዋል! አለፉት። በሁለተኛው ዙር ሽማግሌው ፈገግ አለላቸው፤ ይኼ ደግሞ ጭራሽ አስጠረጠራቸው። በአምስተኛው ዙር ተስፋ ቆርጦ ተቀመጠ።

እናትና ልጅ ጠብቀው ሲሰለቻቸው ገቡ። የዙፋኑን አዳራሽ አዩ፤ በአትክልቱ ስፍራ፣ ግድግዳው በሥዕል ሸክላ የተለበጠውን የውኃ ቦይ አዩ፤ ወጡ። ቀይዋ መኪና ትዞራለች።

«መኩሪያ፣ ና ውረድ፤ አንድ ፎቶ ብቻ» አሉ እትዬ ሣህሊቱ።

«ቶው ያደርጉታል። ያ መኪናው አጠገብ የቆመው ሰውዬ ሊወጣ ነው፣ ቁልፍ ይዟል።»

«ኦኬ ዳዲ፣ ቁልፉን ለኔ ስጠኝ። እኔ ድራይቭ ላድርግ፣ አንተ ከማሚ ጋር ቁም።»

ጋሼ መኩሪያ ልጃቸውን አዩ፣ መሪውን አዩ። «ስምሽ ኢንሹራንሱ ላይ የለም» ብለው ዙራቸውን ቀጠሉ።

እትዬ ሣህሊቱ አዘኑ፤ ከማዘናቸው ደግሞ መናደዳቸው ባሰ። ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች፣ አውሮፕላናቸው ነገ ጠዋት ነው። እየሩስ ብቻቸውን አነሣቻቸው።

ጋሼ መኩሪያ ዛሬም ፌርፋክስ ላይ ስለ ኬሉሽ አፋቸውን ሞልተው ያወራሉ። ስለ ቤተ መንግሥቱ የጠየቃቸው ሰው ግን የሚሰማው ስለ አደባባዩ ስፋትና ስለ መታጠፊያዎቹ ነው።

ፎቶው ሳሎናቸው ተሰቅሏል። እትዬ ሣህሊቱ ቀኝ ክንዳቸውን የሚይዝ ሰው ያለ ይመስል አጠፍ አድርገው ቆመዋል። ከኋላቸው፣ ጠርዙ ላይ፣ የቀይ መኪና አፍንጫና በመስኮት የወጣ አንድ ክርን ይታያል።

እንግዳ መጥቶ «ጋሼስ የታሉ?» ሲል እትዬ ሣህሊቱ ጣታቸውን ክርኑ ላይ ያደርጋሉ።

«ይመጣል» ይላሉ። «ፓርክ እያደረገ ነው።»